ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ በደሙ ነው ወይስ በገብሱ?

ለዘንድሮው ቡለቲን የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት ከተማርነው ባዮሎጂ ጋር አያይዛችሁ ጻፉ ስንባል የክፍል ጓደኞቼ ሜንዴልን፣ ፓስተርንና ዳርዊንን ተሻሙ። እኔ የአበበ ቢቂላን ስም ሳስመዘግብ የሳቁብኝ ነበሩ። ዲፓርትመንት የተሳሳትኩ የመሰለውም አለ። ነገሩ ግን እንዲያው አልመጣልኝም። ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ ባሸነፈ ቁጥር የማያልቅ ክርክር አለ። ግማሹ በደሙ ነው ይላል፤ ደጋ ተወልዷል፣ ዘሩም ሯጭ ነው፣ በቃ። እዚያው ክርክር መሐል ደግሞ ከመካከላችን ወፈር ያለው ልጅ ይነሳል። የሱም ውፍረት የዘር ነው ተብሎ ይሳቅበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ከዚያ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ያን ዝምታ ካየሁ በኋላ ነው የአበበን ሕይወት በሜዳሊያው ሳይሆን በሥጋው በኩል ላየው የፈለግሁት።

በአንድ ቁጥር ልጀምር። በኦሎምፒክ መዛግብት የአበበ ቁመት 177 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 57 ኪሎ ተብሎ ሰፍሯል። ክብደቱን በሜትር ለተለካው ቁመቱ ካሬ ስናካፍለው ወደ 18.2 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ18.5 በታች የሆነን አዋቂ ከሲታ፣ 25ና ከዚያ በላይ የሆነውን ወፍራም፣ 30ና ከዚያ በላይ የሆነውን ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለው ብሎ ይመድባል። በዚህ ሠንጠረዥ ከሄድን የሁለት ኦሎምፒክ የማራቶን አሸናፊ ጤና ጣቢያ ቢቀርብ ኖሮ ትንሽ ብላ ተብሎ ይመለስ ነበር! ሠንጠረዡ ሐሰት አይደለም፤ ለብዙ ሕዝብ ይሠራል። ስለ አንድ ሰው ግን የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። በዚያችው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ተሮጦ አርጀንቲናዊው ዛባላ አሸንፏል። የተወለደባት ጃቶ ያን ጊዜ በሰላሌ አውራጃ ሥር የነበረች፣ ከመንዲዳ ከተማ ብዙም የማትርቅ ትንሽ መንደር ናት። አባቱ ቢቂላ ደምሴ፣ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን ቤተሰቡ ወደ ጎሮ ተሰዶ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ከዚያ በኋላ ያለው ልጅነቱ የማንኛችንም የደጋ ልጆች ልጅነት ነው፤ ከብት ማገድ፣ ገና መጫወት፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር መሮጥ። ገና ጨዋታ አሁን በበዓል ቀን ብቻ የሚታይ ሆነ እንጂ በጥንቱ አጨዋወት ጎሉ የትና የት ነበር፤ ሩሩን እየተከተለ የሚውል ልጅ ሳያውቀው ልምምድ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

እኔ ያደግሁት መንዝ ነው። ጃቶ ከእኛ በስተደቡብ ትሁን እንጂ አየሩም ምግቡም ዘመድ ነው፤ ውርጩ፣ ነፋሱ፣ ገብሱ፣ ባቄላው። መሐል ሜዳ አካባቢ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ላይ ነው የምንኖረው። ግሼ ደግሞ ሰው ጧት ቆላ ወርዶ ማታ ደጋ ይወጣል። የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ከመርሐቤቴ ጤፍና ማሽላ ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ በአንድ ጉዞ ብቻ ስንት ሺህ ሜትር እንደሚወርድና እንደሚወጣ የሚያውቀው እግሩ ነው። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ያደገ ሰው አካሉ በምን ይለያል የሚለው ጥያቄ የሳይንቲስቶችንም ቀልብ ስቧል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል የተመራ ቡድን በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን ደም መርምሮ ያሳተመው ጥናት ብዙ ሰው አስገርሟል። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ላይ የሚኖሩ ሰዎች በከፍታው ምክንያት ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ ቲቤቶች ደግሞ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያንሳል። የኛዎቹ ግን ሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅናቸውም ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። በኋላ የወጡ የዘረ መል ጥናቶችም አካል የኦክስጅን ማነስን በሚያውቅበት መንገድ ላይ ያሉ አንዳንድ ዘረ መሎች በኢትዮጵያ ደገኞች ዘንድ በተፈጥሮ ምርጫ እንደተለወጡ ጠቁመዋል። ስለዚህ በደሙ ነው የሚሉት ጓደኞቼ ፈጽሞ ተሳስተዋል አልልም። ግን እኮ በዚያው ደጋ ላይ በዚያው ደም የተወለደው ሰው ሚሊዮን ነው። ማራቶን ያሸነፈው ግን አበበ ነው።

አበበ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ የተቀጠረው ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። እዚያ ሠራዊቱን ስፖርት ያሠለጥን የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ዓይኑን ጣለበት። የአሁን ሯጮች በአሥራዎቹ ዕድሜ ሲጀምሩ አበበ በቁምነገር ውድድር የገባው 24 ዓመት ሞልቶት ነው። ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ በቀን 20 ኪሎ ሜትር። ኒስካነን ደግሞ የእግር ርምጃውን፣ የእጁን አወዛወዝ፣ የፍጥነት ልምምዱን በመርሐ ግብር አስያዘው። እዚህ ላይ ነው የባዮሎጂ ትምህርታችን የሚመጣው።

የአንድ ሰው ዘረ መል በየሕዋሱ ውስጥ አንድ ዓይነት ነው። የዓይን ሕዋስና የጉበት ሕዋስ የተለያዩት በዘረ መላቸው ሳይሆን የትኛው ዘረ መል ተከፍቶ፣ የትኛው ተዘግቶ በመዋሉ ነው። ዲኤንኤው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ይህን ለመንዝ ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው፤ እናቶቻችን ለበርኖስና ለባና የሚፈትሉት የበግ ጠጉር እንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ማለት ነው። ጥብቅ ብሎ የተጠመጠመው ጋ መድረስ አይቻልም፤ ላላ ያለው ጋ ግን ሕዋሱ ደርሶ መልእክቱን አንብቦ ሥራ ይሠራበታል። ከዚህም ሌላ ሜቲል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ምልክት ዲኤንኤው ላይ ሲለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ያን ዘረ መል ያዘጋዋል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒስካነን አገር፣ ስቶክሆልም የሚገኘው የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች ብስክሌት እንዲነዱ ካደረጓቸው ሰዎች ጭን ጡንቻ ቆንጥረው ሲያዩ አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ያለ ስፖርት መሥራት ከኃይል አጠቃቀም ጋር በተያያዙ ዘረ መሎች ላይ ያለውን የሜቲል ምልክት እንደሚቀንስ አገኙ። አንድ ጊዜ! በየቀኑ ሱሉልታ ደርሶ የሚመለስ ሰው ጡንቻ ውስጥማ ስንት በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። ደሙ ከእናት ከአባቱ መጣ፤ ከደሙ ውስጥ የትኛው እንደሚነበብ ግን ሱሉልታም ድርሻ ነበረው።

ሮማ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። አበበ በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ የዋሚ ቢራቱ መታመም ነው ቦታውን የሰጠው። የተገኘው ጫማ እግሩን ስላልተመቸው በልምምዱ እንደለመደው በባዶ እግሩ ሮጠ። ውድድሩ ሙቀቱን ለመሸሽ ተብሎ አመሻሽ ላይ ስለጀመረ መጨረሻው ሌሊት ሆነ፤ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። አበበ ከሞሮኮው ራዲ እንዲጠነቀቅ ተነግሮታል፤ የሚፈልገውም 26 ቁጥርን ነው። ራዲ ግን 185 ቁጥርን ለብሶ ነበርና አበበ የሚፈልገው ሰው ከጎኑ እየሮጠ መሆኑን ሳያውቅ ያን ሁሉ መንገድ አብሮት ሄደ። ፍጻሜው ሲቃረብ፣ ጣሊያኖች ከአክሱም ወስደው ያቆሙት ሐውልት አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው። (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።) የቆስጠንጢኖስን ቅስት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያልፍ የዓለም ፈጣን ሰዓት ሆነ። ከጥቁር አፍሪካ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

እስቲ ያን ምሽት በነዳጅ እንቁጠረው። አንድ ሯጭ በአንድ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። በ57 ኪሎ ስናባዛው ለ42 ኪሎ ሜትር ወደ 2,400 ይመጣል። በጡንቻና በጉበት የሚቀመጠው ስኳር ለብቻው ይህን መሸፈኑ ያጠራጥራል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሯጭ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጉልበቱ የሚከዳው። የቀረውን የሚሞላው ስብ ነው። የከሳ ሰው እንኳ አራት ኪሎ ስብ ቢኖረው ከ30 ሺህ ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው፤ ብዙ ማራቶን ያስሮጣል። ስብ ጠላት አይደለም ማለቴ ነው። የመንዝን በግ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በክረምትና በመኸር ሳር ሲተርፈው ላቱ ይሞላል፤ በበጋ ሜዳው ሲመለጥ ከላቱ እየበላ ይከርማል። ላት የበጉ ጎተራ ነው። ችግሩ የሚመጣው በጋ ሳይመጣ ጎተራው ዝም ብሎ ሲሞላ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ከከተማ የመጣ ልጅ ወፍሮ ከታየ ተመችቶታል ተብሎ እልል ይባልለታል፤ እኔንም አንድ ሴሚስተር ቆይቼ ስመለስ አያቴ ጉንጬን ይዘው ነበር የመረቁኝ። ረሃብን ያየ አገር ነውና አይፈረድባቸውም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከሲታ፣ ከመቶ 8ቱ ደግሞ ወፍራም ወይም ከዚያ በላይ ነበሩ። ሁለቱም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ መሆኑ ነው የሚገርመው።

ጎተራው መቼ እንደሚሞላ ማን ይወስናል? አንዱ ወሳኝ በእርግጥ ዘረ መል ነው። ኤፍቲኦ የሚባለው ዘረ መል እ.ኤ.አ. በ2007 ሲታወቅ፣ ልዩ ቅጂውን ከእናትም ከአባትም የወረሱ አውሮፓውያን በአማካይ ሦስት ኪሎ ያህል እንደሚከብዱ ታየ። ለስምንት ዓመት ያህል ሁሉም ኤፍቲኦን የውፍረት ዘረ መል እያለ ሲጠራው ኖረ። በ2015 ግን ነገሩ ሌላ መሆኑ ታወቀ። የተለወጠው ቦታ ራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ የሚያበራው ደግሞ ራቅ ብለው ያሉ ሌሎች ሁለት ዘረ መሎችን ነው። እነዚያ ሲበሩ የስብ ሕዋሱ ስቡን አቃጥሎ ሙቀት ከማድረግ ይልቅ ማከማቸት ይመርጣል። ሦስት ኪሎ እንግዲህ ሦስት ኪሎ ነው፤ ጓደኛችንን ከኛ የለየው ክብደት ግን ከሦስት ኪሎ ይበልጣል።

ሌላው ወሳኝ አንጀታችን ውስጥ ነው ያለው። አበበ በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ቦስተን ሄዶ ነበር። ከማሞ ወልዴ ጋር ሮጠው አበበ አምስተኛ ወጣ፤ እስከ መጨረሻው ከሮጣቸው ማራቶኖች ያላሸነፈው ይሄን ብቻ ነው። ከ52 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያው በቦስተን ማራቶን የሮጡ ሰዎችን ዓይነ ምድር ከውድድሩ በፊትና በኋላ እየሰበሰቡ የመረመሩ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ቬዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ከሩጫው በኋላ እንደሚበዛ አዩ። ይህ ባክቴሪያ የሚመገበው ላክቴትን ነው፤ ጡንቻ በሩጫ ጊዜ የሚያወጣውን ማለት ነው። በልቶም ፕሮፒዮኔት የሚባል አጭር የስብ አሲድ ይመልሳል። ባክቴሪያውን ለአይጦች ሲሰጧቸው በመሮጫ ማሽን ላይ የቆዩበት ጊዜ በ13 ከመቶ ጨመረ። ጥናቱ የታተመው በ2019 ነው። በአበበ ዘመን እንዲህ ያለ ምርመራ ስላልነበረ የሱ አንጀት ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር የመዘገበ የለም። ሯጩ ግን ብቻውን እንደማይሮጥ ከዚህ ይታያል።

ውፍረትን በሚመለከት ደግሞ ከሁሉ የደነቀኝ እ.ኤ.አ. በ2004 ሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ ውስጥ በጄፍሪ ጎርደን ቤተ ሙከራ የተሠራው ነው። ከተወለዱ ጀምሮ ምንም ባክቴሪያ ያልነካቸው አይጦች ብዙ እየበሉ ከሲታ ነበሩ። ከሌላ ጤነኛ አይጥ አንጀት የተወሰደ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚበሉት ቀንሶ ሳለ የአካላቸው ስብ በ60 ከመቶ ጨመረ። አንዱ ምክንያት ባክቴሪያዎቹ ከማይፈጨው ምግብ ተጨማሪ ኃይል ማውጣታቸው ነው። ሌላው ግን በቀጥታ የዘረ መል ቁጥጥር ነው። አንጀት ፊያፍ የሚባል ፕሮቲን ይሠራል፤ ፊያፍ ስብ ወደ ጎተራው እንዳይገባ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ዓይነት ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲገቡ የዚህን ዘረ መል ሥራ ያዳክሙታል፤ ዘበኛው ይተኛል፣ ስቡም ይገባል። እኔ ይህን ሳነብ በሌላ ፍጡር ያውም በዓይን በማይታይ ፍጡር የኛ ዘረ መል እንዲህ መታዘዙ ለሁለት ቀን አስገርሞኛል።

እንግዲያው ሁሉም የባክቴሪያው ሥራ ነው ብሎ መደምደምም ያው የደሙን ስህተት መድገም ይሆናል። በ2013 ከዚያው ቤተ ሙከራ የወጣ ሌላ ጥናት አለ። አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን ከሆኑ መንትዮች አንጀት ባክቴሪያ ተወስዶ ለአይጦች ተሰጠ። የወፍራሟን የወሰደው አይጥ ወፈረ፣ የቀጭኗን የወሰደው ቀጭን ሆኖ ቀረ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያኖሯቸው የቀጭኑ ባክቴሪያ ወደ ወፍራሙ ተሻግሮ ከመወፈር አዳነው። ይህ የሆነው ግን ምግባቸው አሰር የበዛበትና ቅባት ያነሰበት ሲሆን ነው። ቅባት የበዛበትና አሰር ያነሰበት ምግብ ሲቀርብላቸው ባክቴሪያው ሊሻገር አልቻለም። ዳኛው ገበታው ላይ ያለው ነገር ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ነው ርዕሴ ላይ ገብስን ያስገባሁት። የደጋው ሕዝብ ከጥንት የኖረው በገብስ ነው፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ቂጣው፣ ቅንጬው፣ ጠላውም ጭምር። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፤ የኛ ሆድ አይፈጨውም፣ ባክቴሪያዎቹ ግን ይበሉታል። ሲበሉት ቡቲሬትን የመሳሰሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ይወጣሉ። ቡቲሬት የአንጀት ሕዋሳት ምግብ ከመሆኑም በላይ እዚያ እንዝርት ላይ የተጠመጠመውን ፈትል ላላ የማድረግ ችሎታ አለው፤ ሂስቶኖቹን አጥብቆ የሚያስራቸውን ኢንዛይም ያግደዋል። በሌላ አባባል ጧት የተበላ በሶ ማታ የትኛው ዘረ መል እንደሚነበብ ድምፅ ይሰጣል። በ2015 ስዊድኖች የገብስ ፍሬ ያለበት ዳቦ ለሦስት ቀን ብቻ ሰዎችን አብልተው ሲያዩ በአንዳንዶቹ ዘንድ ከምግብ በኋላ የደም ስኳራቸው የተሻለ ሆነ፤ የተሻላቸው ሰዎች አንጀት ውስጥ ፕሪቮቴላ የተባለው ባክቴሪያ በዝቶ ተገኘ። ሁሉም አልተሻላቸውም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እኛ ግን ኮሌጅ ስንገባ በመጀመሪያ የምናፍረው ከሻንጣችን ውስጥ የተገኘውን በሶ ነው። ካፌ ገብተን ለስላሳና ነጭ ዳቦ ስናዝ የሰለጠንን ይመስለናል።

ወደ አበበ ልመለስ። ለቶኪዮ ሲዘጋጅ፣ ውድድሩ አርባ ቀን ያህል ሲቀረው ደብረ ዘይት ላይ ልምምድ እያለ ታመመ። ትርፍ አንጀት ነበር፤ ተቀደደ። ትርፍ አንጀት ያልነው በከንቱ የተቀመጠ መስሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ይህች ጅራት መሳይ ነገር ተቅማጥ አንጀትን ሲጠርገው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ተደብቀው የሚተርፉባት ጓዳ ትሆናለች የሚል። ሐሳቡ ገና ክርክር ያለበት ቢሆንም እኔ ስሙ እንዲቀየር ድምፄን እሰጣለሁ። ለማንኛውም አበበ ያለ ትርፍ አንጀቱ፣ ቁስሉ በቅጡ ሳይጠና ቶኪዮ ሄደ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አሻሻለ፤ ሁለተኛው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንደ ገባ ሳር ላይ ተጋድሞ የሰውነት ማፍታቻ መሥራት ጀመረ፤ ሕዝቡ ቆሞ ያይ ነበር።

ከቶኪዮ መልስ መኮንን ሆነ፤ ቮልስዋገንም ተሰጠው። ሜክሲኮ ላይ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. የእግሩ ሕመም አላስኬደውምና 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ አቋረጠ። አደራውን ማሞ ወልዴ ተወጣው። ከዚያ አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 13 ሌሊት ያችው ቮልስዋገን ተገልብጣ አበበን ከሥሯ ያዘችው። የአከርካሪ ገመዱ ተጎድቶ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው።

ብዙ ጽሑፍ እዚህ ሲደርስ ያሳዝናል ብሎ ያልፈዋል። ለኛ ትምህርት ግን ዋናው እዚህ ጋ ነው ያለው። ያው ደም፣ ያው ዘረ መል ነው፤ የተለወጠው ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደው ትእዛዝ ነው። የማይታዘዝ ጡንቻ በወራት ውስጥ ይሟሽሻል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ በነበረበት ስብ ይተካል። አንጀትም በነርቭ የሚታዘዝ ስለሆነ ሥራው ይዘገያል። በ2016 የኦሃዮ ተመራማሪዎች አከርካሪያቸው የተጎዳ አይጦች የአንጀት ባክቴሪያቸው እንደሚዛባ፣ መዛባቱም መዳናቸውን እንደሚያጓትት፣ ጠቃሚ ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ደግሞ እንደሚሻሻሉ አሳይተዋል። ጉዳቱ ጀርባ ላይ ሆኖ አንጀት ውስጥ ይሰማል፤ ከአንጀትም ወደ ጀርባ ይመለሳል።

አበበ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ ወራት ቆየ። የዚህ ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳት ክፍል መሪ የነበሩት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪው የተጎዳ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ሞቱን እንዲጠብቅ የማይፈቅዱ፣ ስፖርትን እንደ መድኃኒት የሚያዝዙ ሰው ነበሩ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የበቀለው ከሳቸው ግቢ ነው። ሁለት ጊዜ ዓለምን በእግሩ ያሸነፈ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርና ጠረጴዛ ቴኒስ መማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው ስቶክ ማንዴቪል በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሳተፈ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄደ። በረዶ ላይ በሸርተቴ የሚደረገውን የ25 ኪሎ ሜትር ጉዞም ተወዳድሮ አሸነፈ። ከጃቶ ውርጭ ሌላ በረዶ የማያውቅ ሰው ነው እንግዲህ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር አጼ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተዋል፤ አገሩ በሙሉ የሐዘን ቀን ሆኖ ዋለ። ባለቤቱ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ አራት ልጆች ይዘው ቀሩ።

ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት ለዚያ ለዝምተኛው ጓደኛዬ አነበብኩለት። ስለ ኤፍቲኦ የተጻፈው ላይ አስቆመኝና ሦስት ኪሎ ብቻ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ ሻንጣዬን ከፍቶ በሶው የት እንዳለ ይፈልግ ጀመር።